ትንሽ የፊውዥን ሞተር ለመንኩራኩር መንደፍ፦ ሥራው ከሙቀትና ከክብደት ይጀምራል

ይህ መመሪያ ድሬዳዋና ሐረር ላሉ የምህንድስና ተማሪዎች፣ የፊዚክስ መምህራንና በራሳቸው ጊዜ የጠፈር ቴክኖሎጂ ለሚያጠኑ የተዘጋጀ ነው። ላፕቶፕ፣ ኤክሴልና የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ይበቃል። ወርክሾፕ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ላለው ሙከራ ብቻ ነው።

እስከ ዛሬ በፊውዥን፣ ማለትም ቀላል የአቶም አስኳሎች ሲዋሃዱ በሚወጣ ኃይል፣ የተገፋ መንኩራኩር የለም። እዚህ የሚሠራው የመጀመሪያ ደረጃ ንድፍ ነው፤ ማለትም ሁሉም ቁጥር እርስ በርሱ የሚስማማበት፣ የትኛው ክፍል ገና እንዳልተፈታ በግልጽ የሚታይበት የስሌት ሰንጠረዥ። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ውህደቱ ከሚካሄድበት እጅግ የጋለ ጋዝ፣ ከፕላዝማው፣ ይነሱና የሚይዘውን ማግኔት ያሳምራሉ፤ ሙቀት የሚያወጣውን ራዲያተርና ጨረር የሚከላከለውን ጋሻ ግን "በኋላ እንጨምራለን" ይላሉ። በኋላ ሲጨመር መንኩራኩሩ ሁለት እጥፍ ይከብዳል፣ ጉዞውም ይበላሻል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ጉዞ፣ ሙቀት፣ ፕላዝማ፣ ማግኔት፣ ጋሻ፣ ክብደት። ከዚያ ወደ ጉዞው ተመልሶ እንደገና ማስላት።

ጉዞው

በዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ምሳሌ እንከተላለን። ገፊ ጋዙ ሳይቆጠር 5,000 ኪሎ የሚመዝን መንኩራኩር ፍጥነቱን በ50 ኪሎ ሜትር በሰከንድ መለወጥ አለበት እንበል። ገፊ ጋዙ ከሞተሩ የሚወጣው በ100 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ነው። 50ን ለ100 ስናካፍል 0.5 ይሆናል፤ 2.718 በ0.5 ኃይል ሲነሳ 1.649 ይሰጣል። የመነሻ ክብደት ለመድረሻ ክብደት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ይህ ነው። መነሻው 8,244 ኪሎ፣ ገፊ ጋዙ 3,244 ኪሎ ሆነ ማለት ነው።

ጄቱ፣ ማለትም ከሞተሩ የሚወጣው የጋዝ ፍሰት፣ የሚሸከመው ኃይል 500 ኪሎ ዋት ይሁን። ግፊያው የጄቱ ኃይል እጥፍ ለመውጫው ፍጥነት ሲካፈል ነው፦ 1,000,000 ለ100,000፣ ማለትም 10 ኒውተን። በየሰከንዱ 0.1 ግራም ጋዝ ይወጣል፤ 3,244 ኪሎው እስኪያልቅ 375 ቀን ይፈጃል። ግፊያው ትንሽ ይመስላል፤ ግን አንድ ዓመት ሳይቋረጥ ሲገፋ ኬሚካላዊ ሮኬት የማይደርስበት ፍጥነት ላይ ያደርሳል። ይህ ሞተር ከምድር ላይ ፈጽሞ አይነሳም፤ ሥራው የሚጀምረው ምህዋር ላይ ነው።

የመውጫ ፍጥነት ስትመርጡ "ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል" አትበሉ። ፍጥነቱ ሲጨምር ጋዝ ይቆጠባል፣ ግፊያው ግን ይቀንሳል፣ ጉዞው ይረዝማል። መነሻ የሚሆን ግምት አለ፦ ሞተሩ በየኪሎው የሚሰጠውን የጄት ዋት በሞተሩ የሥራ ጊዜ በሰከንድ አባዙ፣ በ2 አባዙ፣ ካሬ ሥሩን ውሰዱ። በኪሎ 100 ዋት ለሚሰጥና አንድ ዓመት ለሚሠራ ሞተር ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ምሳሌያችን ከዚህ ትንሽ ከፍ ቢልም ያስኬዳል።

ነዳጁ

ዲዩተሪየምና ትሪቲየም የተባሉት ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነቶች በቀላሉ ይቀጣጠላሉ፤ ግን ከአንድ ውህደት ከሚወጣው 17.6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የአስኳል ኢነርጂ መለኪያ) ውስጥ 14.1ዱን ኒውትሮን ይዞ ይሄዳል። ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ማግኔት አይመራውም፤ 80 በመቶው ኢነርጂ ለግፊያ ሳይሆን ለጋሻው ማሞቂያ ይውላል። ፕሮቶንና ቦሮን-11 ሦስት አልፋ (የሄሊየም አስኳል) ብቻ ስለሚሰጡ ያጓጓሉ፤ የሚፈልጉት ሙቀት ግን እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ፕላዝማው የሚያመነጨውን ያህል በኤክስሬይ ሊያጣ ይቃረባል። ለትንሽ ሞተር የሚመረጠው ዲዩተሪየምና ሄሊየም-3 ነው። 18.3 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል፤ ሁሉም በፕሮቶንና በአልፋ ተይዞ ይወጣል።

"ኒውትሮን የለውም" የሚለውን አባባል ግን አትቀበሉ። ዲዩተሪየም ከዲዩተሪየምም ጋር ይዋሃዳል፤ አንዱ መንገድ 2.45 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ኒውትሮን ያወጣል፣ ሌላው ትሪቲየም ይሠራል። ትሪቲየሙ ፕላዝማው ውስጥ ከቆየ ይነድና የ14.1ዱን ኒውትሮን ያመጣል። ስለዚህ ትሪቲየሙ ሳይነድ ቶሎ የሚወጣበት ንድፍ ያስፈልጋል። ፕላዝማው ትንሽ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

የነዳጁ መጠን ያስደንቃል፤ የሚነደው በግራም ነው። ቁጥሩን ክብደቱ ከተስተካከለ በኋላ እናመጣዋለን።

ሙቀቱ

ከ1.25 ሜጋ ዋት የፊውዥን ኃይል 40 በመቶው ወደ ጄት ይሂድ እንበል፦ 500 ኪሎ ዋት። የቀረው 750 ኪሎ ዋት የትም አይጠፋም። ከፊሉ ኤሌክትሪክ ሆኖ ተመልሶ ፕላዝማውን ቢያሞቅም፣ ከፊሉ ኮምፒውተሩን ቢያንቀሳቅስም ዞሮ ዞሮ ሙቀት ነው፣ መውጣት አለበት። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ደንገጎን የሚወጣ አይሱዙ ሞተሩ ሲግል ቢያንስ ነፋስ ራዲያተሩን ያገኘዋል፤ ጠፈር ላይ ነፋስ የለም። ሙቀት የሚወጣው በጨረር ብቻ ነው፤ ጨረሩም በኬልቪን የተለካው ሙቀት በ4 ኃይል ሲነሳ በሚገኘው ልክ ያድጋል።

ስሌቱ፦ 5.67 × 10⁻⁸ን በሙቀቱ 4ኛ ኃይል አባዙ፣ በገጹ ኢሚሲቪቲ (ሙቀትን በጨረር የማውጣት ችሎታው፣ ከ0 እስከ 1) አባዙ፤ ሰሌዳው በሁለቱም ፊት ስለሚያበራ በ2 አባዙ። ኢሚሲቪቲው 0.85 ሲሆን 750 ኪሎ ዋት ለማውጣት በ500 ኬልቪን 124 ካሬ ሜትር ሰሌዳ ያስፈልጋል። በ800 ኬልቪን 19 ካሬ ሜትር ይበቃል። በ300 ኬልቪን ወደ 960 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ያ ትንሽ መንኩራኩር አይደለም።

ታዲያ ለምን 1,000 ኬልቪን አናደርገውም? ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው በሙቁ ጎንና በራዲያተሩ መካከል ካለው ልዩነት ስለሆነ ነው። ሙቁ ጎን 1,200 ኬልቪን፣ ራዲያተሩ 800 ከሆነ የካርኖት ጣሪያ፣ ማለትም ከሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ ሊለወጥ የሚችለው ከፍተኛ ድርሻ፣ 33 በመቶ ነው፤ በተግባር 20 በመቶ ያህል መጠበቅ ይቻላል። ከ750 ኪሎ ዋት 150 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ ማለት ነው። ለተወሰነ የኤሌክትሪክ መጠን የራዲያተሩን ስፋት ብቻ ለማሳነስ ከሆነ ራዲያተሩ የሙቁ ጎን ሙቀት ሦስት አራተኛ ላይ፣ እዚህ 900 ኬልቪን ላይ፣ ቢሆን ይመረጣል። ግን ያኔ የኤሌክትሪኩ ጣሪያ ወደ 25 በመቶ ይወርዳልና ለፕላዝማው ማሞቂያ አይበቃም። 800 ላይ የቆምነው ለዚህ ነው።

ብዙ ንድፍ የሚወድቅበት ሌላ ነጥብ አለ፦ አንድ ራዲያተር አይበቃም። ፕላዝማውን በሬዲዮ ሞገድ የሚያሞቁት ማስተላለፊያዎች ኤሌክትሮኒክስ 800 ኬልቪን አይችልም፤ ወደ 330 ኬልቪን የሚጠጋ የራሱ ሰሌዳ ይፈልጋል። የማግኔቱ ማቀዝቀዣ ደግሞ ሌላ። 30 ኬልቪን ላይ 10 ዋት ሙቀት ለማውጣት ማሽኑ በተግባር ከ600 እስከ 900 ዋት ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ያም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሦስቱን ለየብቻ አስሉ።

ፕላዝማው

አሁን ብቻ ወደ ፕላዝማው እንግባ። በፕሪንስተን የፕላዝማ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ለዓመታት የተጠናው መንገድ ለትንሽ ሞተር ከሁሉ የተሻለ መነሻ ይመስለናል፦ ሲጋራ ቅርጽ ያለው፣ የራሱ ጅረት ማግኔታዊ መስመሮቹን የዘጋለት ፕላዝማ በሬዲዮ ሞገድ ይሞቃል፤ በዙሪያው ቀዝቃዛ ጋዝ ይፈስሳል። ጋዙ ከመሃል የሚወጣውን ኢነርጂ ተቀብሎ በማግኔት አፍንጫ በኩል ይወጣል። የመውጫ ፍጥነቱን በጋዙ መጠን ማስተካከል ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 የብሪታንያ ኢንተርፕላኔታሪ ሶሳይቲ የነደፈው ዴዳለስ የተባለ የፊውዥን መንኩራኩር በሰከንድ 250 ጊዜ የሚፈነዱ የነዳጅ ቅንጣቶች ነበሩት፤ ክብደቱ ግን 54,000 ቶን ነው። ያ መንገድ ለትንሹ አይመችም።

ቁጥሮቹ እነሆ። የኤሌክትሮን ብዛት በሜትር ኩብ 5 × 10²⁰፤ ዲዩተሪየምና ሄሊየም-3 እኩል ብዛት፣ እያንዳንዳቸው 1.67 × 10²⁰። አዮኖቹ 70፣ ኤሌክትሮኖቹ 30 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት። 1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት 11.6 ሚሊዮን ኬልቪን መሆኑን አስታውሱ። በዚህ ሙቀት የውህደት ፍጥነቱ በግምት 10⁻²² ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው። የሁለቱን ብዛት በዚህና በአንድ ውህደት ኢነርጂ ስናባዛ 8.2 ሜጋ ዋት በሜትር ኩብ እናገኛለን። ለ1.25 ሜጋ ዋት 0.15 ሜትር ኩብ ይበቃል፦ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 25፣ ርዝመቱ 78 ሴንቲ ሜትር።

ሦስት ማረጋገጫ አድርጉ።

አንደኛ፣ ግፊት። የፕላዝማው ግፊት 6.1 ሜጋ ፓስካል ይመጣል። የ5 ቴስላ ማግኔት ግፊት 10 ሜጋ ፓስካል ስለሆነ 60 በመቶ ያህሉን ይጠቀማል። ይህን መሸከም የሚችለው ራሱን የዘጋ ዓይነት ፕላዝማ ነው፤ ቶካማክ በሚባለው የቀለበት ቅርጽ ያለው የፊውዥን ማሽን ላይ ይህን ቁጥር ብትጽፉ ንድፉ እዚያው ያበቃል።

ሁለተኛ፣ የፕሮቶኑ ክብ። 14.7 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፕሮቶን በ5 ቴስላ ውስጥ 11 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ይዞራል። ፕላዝማው ውስጥ ማግኔቱ ይደክማል፤ 3.1 ቴስላ ቢሆን ክቡ 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፕላዝማውን ከ25 ሴንቲ ሜትር አታሳንሱ የምንለው ለዚህ ነው። ያነሰ ከሆነ ፕሮቶኑ ግድግዳ ይመታል።

ሦስተኛ፣ ኤክስሬይ። ኤሌክትሮኖች ሲጠመዘዙ የሚያወጡት ጨረር በዚህ ምሳሌ 187 ኪሎ ዋት ነው፤ ከፊውዥኑ 15 በመቶ። ኤሌክትሮኖቹን ወደ 70 ብታሞቁ በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ አዮኖቹ ከኤሌክትሮኖቹ ይበልጥ እንዲግሉ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

አሁን ከባዱ ነገር። ፕላዝማው ውስጥ የተከማቸው ኢነርጂ 1.4 ሜጋ ጁል ነው። ከኤክስሬዩ ሌላ 1.1 ሜጋ ዋት ያህል ወደ ጠርዝ ስለሚፈስ፣ ኢነርጂው ቢያንስ ለ1.3 ሰከንድ መያዝ አለበት። ጄት የተባለው የአውሮፓ ቶካማክ ወደ አንድ ሰከንድ የሚጠጋ ቆይታ ያገኘው 80 ሜትር ኩብ ገደማ በሆነ ፕላዝማ ነበር፤ እኛ በ0.15 ሜትር ኩብ እንጠይቃለን። ከ150ው ኪሎ ዋት 100ውን ለማሞቂያ ብናውለው፣ 80ው ፕላዝማ ውስጥ ቢገባ፣ የምንፈልገው ትርፍ፣ ማለትም የፊውዥኑ ኃይል ፕላዝማ ውስጥ ለገባው ማሞቂያ ሲካፈል፣ 15 እጥፍ ነው። ያ የአውሮፓ ቶካማክ እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኘው 0.67 ነበር፤ በአሜሪካ ያለው የሌዘር ተቋም ኒፍ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በ2.05 ሜጋ ጁል ሌዘር 3.15 ሜጋ ጁል አውጥቷል። ይህን ክፍተት በሰንጠረዡ ላይ በቀይ ጻፉት። የሚደብቅ ንድፍ ለማንም አይጠቅምም፤ ክፍተቱ በቁጥር የታወቀ ንድፍ ግን ቀጣዩን ጥናት ይመራል።

ማግኔቱና ጋሻው

ማግኔቱ ከፍተኛ ሙቀት በሚባለው የሱፐርኮንዳክተር (ሲቀዘቅዝ ጅረትን ያለ ምንም ብክነት የሚያስተላልፍ) ጥብጣብ ይሠራ፤ 92 ኬልቪን ገደማ ድረስ ቢሠራም 5 ቴስላ ላይ ከ20 እስከ 40 ኬልቪን ማቆየት ይሻላል። የጥቅሉ ውስጠኛ ራዲየስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከሆነ 22.5 ሜጋ ጁል ያከማቻል። በ1 ኪሎ ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ለመሙላት ከ6 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህን ኢነርጂ የሚሸከም ብረት ከተወሰነ ክብደት በታች ሊሆን አይችልም፦ ኢነርጂውን በብረቱ እፍጋት አባዙና ብረቱ ለሚችለው ውጥረት አካፍሉ። ለ500 ሜጋ ፓስካል ብረት 355 ኪሎ ይመጣል። ጥቅሉ፣ የቅዝቃዜ ሽፋኑና ድጋፉ ሲጨመር 900 ኪሎ ያዙ። አደጋው አንድ ነጥብ ላይ ሱፐርኮንዳክተርነቱ ሲጠፋ ነው፤ ኢነርጂው ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ፈስሶ ጥብጣቡን ያቀልጣል። ጅረቱን በሰከንዶች ውስጥ ውጭ ወዳለ መከላከያ (ሬዚስተር) የሚያወጣ ዑደት የግድ ነው።

ለጋሻው፣ ከኃይሉ 3 በመቶ በኒውትሮን ይወጣል ብንል በሰከንድ 10¹⁷ ገደማ ኒውትሮን ይሆናል። በትሪቲየም ቢሆን ኖሮ 4.4 × 10¹⁷ ነበር። ልዩነቱ በቁጥር ከአምስት እጥፍ አይበልጥም፤ ትልቁ ጥቅም ኒውትሮኖቹ ደካማ መሆናቸው ነው። መጀመሪያ ሃይድሮጅን የበዛበት ነገር፣ ለምሳሌ ሊቲየም ሃይድራይድ፣ ያዘገያቸዋል፤ ከዚያ ቦሮን-10 ይውጣቸዋል። ማግኔቱ ዙሪያውን ይሸፈን። ጭነቱን ግን በጋሻ ብቻ ሳይሆን በርቀት ጠብቁት፦ ከ1 ሜትር ወደ 10 ሜትር ሲርቅ ጨረሩ 100 እጥፍ ይቀንሳል፤ ቀላል ዘንግ ከከባድ ጋሻ ይረክሳል። ራዲያተሮቹ በጋሻው ጥላ ውስጥ ይሁኑ፤ ከጥላው ከወጡ ኒውትሮን በትነው ወደ ጭነቱ ይመልሳሉ።

የክብደት ሰንጠረዥ

ማግኔት 900፣ ጋሻ 700፣ ራዲያተርና ፓምፖች 300፣ ኤሌክትሪክ ማመንጫ 750 ማለትም በኪሎ ዋት 5 ኪሎ፣ የሬዲዮ ማሞቂያ 300፣ የፕላዝማው ዕቃ 250፣ ታንክ የጋዙ 10 በመቶ ማለትም 325፣ ዘንግ 200፣ ማስነሻ ባትሪ 150። ድምሩ 3,875 ኪሎ ነው። በዚህ ደረጃ 25 በመቶ መጠባበቂያ መጨመር ግዴታ ነው፤ 4,844 ይሆናል። ከ5,000ው ለጭነትና ለቀረው አካል የተረፈው 156 ኪሎ ብቻ ነው፤ አንቴናና ካሜራ እንኳ አይበቃውም።

እዚህ ላይ ብዙዎች መጠባበቂያውን ይቀንሳሉ። አትቀንሱ፤ ጉዞውን ቀይሩ። ደረቅ ክብደቱ 6,000 ይሁን። ጋዙ 3,892 ኪሎ ይሆናል፣ ታንኩ በ65 ኪሎ ይከብዳል፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆያል። ጭነቱ 1,075 ኪሎ ሆነ፤ ሞተሩ የሚሠራበት ጊዜ ከ375 ወደ 450 ቀን ብቻ ረዘመ። ሁለት ወር ተኩል ተጨምሮ ጭነቱ ሰባት እጥፍ ያህል ማደጉ የዚህ ዓይነት ሞተር ጠባይ ነው። በዚህ ጉዞ የሚነደው ነዳጅ በሙሉ 138 ግራም ነው፤ ሄሊየም-3ቱ 83 ግራም። ከሚገባው ነዳጅ 10 በመቶው ብቻ ከነደደና ቀሪው ካልተመለሰ ግን 830 ግራም መጫን አለበት። ሄሊየም-3 በዋናነት የሚገኘው ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት ከሆነው ትሪቲየም ስለሆነ እጅግ ውድ ነው።

ሞተሩ በኪሎ 100 ዋት ያህል ይሰጣል። ወደ 1,000 ዋት የሚጠጋ ቁጥር የሚጽፉ ጥናቶች አሉ፤ ከመቀበላችሁ በፊት ጋሻው፣ ታንኩና መጠባበቂያው ተቆጥረው እንደሆነ እዩ።

በወርክሾፕ የሚለካው ክፍል

ቤት ውስጥ ፊውዥን ለመሞከር ከፍተኛ ቮልቴጅ አታገናኙ፤ ኤክስሬዩም ቮልቴጁም ይገድላል፣ ለዚህ ንድፍም የሚጨምረው መረጃ የለም። የሚለካው የራዲያተሩ ኢሚሲቪቲ ነው፤ 0.85 ብለን የገመትነው።

10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች ቁረጡ። በመካከላቸው ከአሮጌ ካውያ የወጣ ሚካ ላይ የተጠቀለለ 18 ኦም የኒክሮም ሽቦ አስገቡና በብሎን አጥብቁ። በ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር 20 ዋት ይሰጣል። ውጩን ለማርሚታ በሚሸጠው ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም ቀቡ፤ 150 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አድርቁት፣ አለዚያ ቀለሙ ቫኪዩም ውስጥ ጋዝ እየለቀቀ ፓምፑን ያደክማል። ሰሌዳውን ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ፣ ውስጡ በዚያው ቀለም በተቀባ የብረት ቱቦ ውስጥ በቀጭን ሽቦ አንጠልጥሉ። ክዳኑ 12 ሚሊ ሜትር ብረት ይሁን፤ አየር ሲወጣ 600 ኪሎ ያህል ሸክም ያርፍበታል። መስታወት አትጠቀሙ።

ፓምፑ ፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ባለ ሁለት ደረጃ ይበቃል፤ ጥቂት ፓስካል ድረስ ያወርዳል። በዚያ ግፊት አየሩ መንፈሱን ቢያቆምም ሙቀት በጥቂቱ ያስተላልፋል፤ ከ20 ዋቱ 1 ዋት ገደማ ቀንሱለት። የጠጋኞቹ የግፊት መለኪያ ሰዓት ባሕር ወለል ላይ እስከ 76 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን 66 አካባቢ፣ ሐረር ላይ 61 አካባቢ ይቆማል። የከተሞቹ ከፍታ እንጂ ቀዳዳ አይደለም። ቀዳዳ መኖሩን ለማወቅ ፓምፑን ዘግታችሁ ሰዓቱ ይመለስ እንደሆነ ለ10 ደቂቃ ተመልከቱ።

የቱቦው ግድግዳ 35 ዲግሪ ከሆነና ኢሚሲቪቲው 0.9 ከሆነ ሰሌዳው በ20 ደቂቃ ውስጥ 130 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ግድግዳው 20 ዲግሪ ቢሆን 6 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። የድሬዳዋ ጠዋትና ከሰዓት ብቻ ይህን ልዩነት ስለሚያመጡ የሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን የግድግዳውንም ሙቀት በሁለተኛ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ለኩ፤ ያልለካ ሰው ለውጡን የቀለሙ አድርጎ ያነብበዋል።

ለማነጻጸር ያልተቀባ ሰሌዳም ሞክሩ፤ ግን 20 ዋት አትስጡት፣ ከ370 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሌላ 18 ኦም መከላከያ በተከታታይ ስታገናኙ ሰሌዳው ላይ 5 ዋት ብቻ ይደርሳል፤ 200 ዲግሪ አካባቢ ለመርጋት ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ሽቦዎቹ ቀጭን ይሁኑ፤ ያልተቀባው ሰሌዳ በጨረር የሚያወጣው ትንሽ ስለሆነ በወፍራም ሽቦ የሚያመልጥ ግማሽ ዋት ውጤቱን በ10 በመቶ ያዛባል።

ያገኛችሁትን ቁጥር በ0.85 ቦታ አስገቡ። 0.75 ከወጣ ራዲያተሩ ከ19 ወደ 21.5 ካሬ ሜትር ያድጋል፤ የክብደት ሰንጠረዡም ከዚያ መስመር ጀምሮ እንደገና ይሰላል። ልኬቱ የተወሰደው በ130 ዲግሪ መሆኑን ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉ፤ ራዲያተሩ የሚሠራው በ527 ዲግሪ ነው፣ ኢሚሲቪቲም ከሙቀት ጋር ይለወጣል።